ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ፦ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዴት ይደራጃል?

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ በአጥቢያው የሚያገለግለው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። ሥራ ሲከፋፈል ግን ይህ ይዘነጋል። ዐርብ ማታ ድንኳን እንዲነቅሉ ስማቸው የተጻፈ ወጣቶች ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህል ያልቀመሱ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ የዋሉ ናቸው። ድንኳኑ ሳይነቀል ያድራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ የሚያጥበው ሰው ይጠፋል፤ በትንሣኤ ሌሊት በር ላይ የቆመው ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም፤ ሥራው የጾሙን ልክ ሳያይ ስለተቆረጠ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሰላው በዚህ መለኪያ ነው፦ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ እስከ ረቡዕ ማታ ይጠናቀቅ፤ ከሐሙስ ጀምሮ የሚቀረው መቆም፣ ማሳየት፣ ማቀበልና መጠበቅ ብቻ ይሁን።

ቁጥሮቹ የተሰጡት በሰሙነ ሕማማት እስከ 800 ምእመን ለሚያስተናግድ መካከለኛ አጥቢያ ነው። ከዚያ ያነሰም የበለጠም ካላችሁ በዚያው መጠን ቀንሱ ወይም ጨምሩ።

ቀኑንና ወቅቱን ማወቅ

ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። ሆሣዕና ደግሞ ከመጋቢት 19 እስከ ሚያዝያ 23 ባለው ውስጥ ይውላል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚገባውም መጋቢት 26 ነው። (ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው የመስከረምን የአበባ ወራት ነው፤ እርሱ ግን መጸው ይባላል።) በዓሉ በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ሚያዝያ 24፣ በ2020 ሚያዝያ 8 ይውላል። የቀኑ መራራቅ ሥራውን ይለውጠዋል። በልግ በሚዘንብበት አገር ሚያዝያ ውስጥ ሲውል ዐውደ ምሕረቱ ጭቃ ይሆናል፣ የትንሣኤውም ሌሊት ይቀዘቅዛል። በልግ በማይዘንብበት አካባቢ ደግሞ የዐርብ ስቅለት የቀትር ፀሐይ ዋናው ችግር ነው። ድንኳን የምትከራዩት ለዝናብ ይሁን ለጥላ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለዝናብ ከሆነ ሸራው ውኃ የማያሳልፍና ጎኑ የሚወርድ መሆን አለበት፤ ለጥላ ከሆነ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነፋስ ይግባው።

የጾሙ ሰንበታት ራሳቸው ጥሩ የቀን መቁጠሪያ ናቸው። በደብረ ዘይት፣ ማለትም ከሆሣዕና 3 ሳምንት በፊት፣ የሥራው ዝርዝርና የሚያስፈልገው ዕቃ ይጻፍ። በገብር ኄር የአገልጋዮች ስም ይመዝገብ፤ የዕለቱ ወንጌል ስለ ታማኙ አገልጋይ ስለሆነ ከስብከቱ በኋላ ጥሪ ቢተላለፍ ሰው በልቡ ይሰማል። በኒቆዲሞስ ሁሉም በየቦታው ቆሞ አንድ ጊዜ ይለማመድ። ከዚህ ዘግይቶ የጀመረ አጥቢያ ድንኳንም ትልልቅ ድስትም አያገኝም፤ በየሰፈሩ ያለው ሁሉ በዚያው ሳምንት ይፈለጋል።

ፈቃድ፣ ድንበርና ገንዘብ

ምንም ነገር ከመጀመሩ በፊት የደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድና ቡራኬ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዕቅዱ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ይቅረብ። ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ፣ እዚያ ያለፈ ዕቅድ በኋላ ከሦስቱም ወገን «አልሰማንም» የሚል አይመጣበትም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጃንጥላና ሌላውም ንዋየ ቅድሳት ከመነካቱ በፊት ገበዙን (የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀውን ኃላፊ) ጠይቁ።

ድንበሩን ለአዲስ አገልጋይ በግልጽ ንገሩት። መቅደሱና ቤተልሔሙ (የቍርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት) የካህናትና የዲያቆናት ቦታ ነው፤ ምንም ያህል ሥራ ቢበዛ ምእመን ለጽዳት ብሎም አይገባም። የበጎ ፈቃደኛው ቦታ ዐውደ ምሕረቱ፣ ደጀ ሰላሙ፣ አዳራሹ፣ ማዕድ ቤቱና በሩ ነው።

ገንዘብ ያለ ሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ አይሰብሰብ። ለነድያን ምሳ ተብሎ በእጅ የተሰጠ 200 ብር እንኳ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ በዓይነት የመጣ በርበሬና ሽንኩርት በኪሎ ተመዝኖ በመዝገብ ይስፈር። ሐሜት የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከመስረቅ ሳይሆን ካለመጻፍ ነው፤ ሐሜት የነካው አገልጋይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

የሰው አመዳደብ

ለ800 ሰው 46 አገልጋይ ይበቃል፦ በር ላይ 6፣ ጫማ ላይ 6፣ ረድፍ የሚያስይዙ አስተናባሪዎች 10፣ ውኃና ንጽሕና 8፣ ሕሙማንን የሚከታተሉ 4፣ ማዕድ ቤት 10፣ ዕቃ ክፍል 2። ከማዕድ ቤቱና ከዕቃ ክፍሉ በቀር እያንዳንዱን ቡድን ለሁለት ክፈሉት። እኩሌታው ከነግህ እስከ 6 ሰዓት፣ ቀሪው ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያገልግል፤ በማያገለግልበት ሰዓት ይስገድ፣ ይጸልይ። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ አንድም ስግደት ሳይሰግድ የሚሄድ ወጣት በዓሉን አላከበረም፤ ይህን የሚያህል ጉዳት በዝግጅት ጉድለት መድረስ የለበትም።

በእያንዳንዱ ቡድን ላይ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ይሰየም። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም፤ በተለይ የመጸዳጃ ቤት ውኃና የጀነሬተሩ ነዳጅ። ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የደንብ ልብስ አላቸው፤ ለሌሎቹ ክንድ ላይ የሚታሰር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ይበቃል።

ለሁሉም አንድ ማሳሰቢያ፦ በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የለም፣ መስቀልም አይሳለሙም። በር ላይ የቆመ አገልጋይ የሚያውቃቸውን እናት ሲያይ ለመሳም እንዳይጠጋ አስቀድሞ ይነገረው፤ እጅ ነሥቶ ማሳለፍ ይበቃዋል።

የሆሣዕና ዘንባባ

ዘንባባ የሚቆረጠው ዐርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተቆረጠ ይደርቃል፣ ቀለበት ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። ከአንድ ግንድ ከ3 ቅርንጫፍ በላይ አትቁረጡ፤ ከታች ያሉትን፣ ያረጁትን ውሰዱ። መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የወጣውን ያልተከፈተ ቅጠል ፈጽሞ አትንኩ፤ ግንዱ የሚያድገው ከዚያ ብቻ ነው፣ ያ ከተቆረጠ ግንዱ ይሞታል። በየዓመቱ ከአንድ ስፍራ የሚወስድ አጥቢያ ዘንባባው እየራቀበት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በግቢው ጥግ ውኃ በሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ችግኝ ማጽደቅ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

በቅርንጫፉ ሥር ያሉት ቅጠሎች ጠንካራ እሾህ ናቸው። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በመጀመሪያ እነርሱን መልምሉ፤ ሕፃናት ከዚህ ሥራ ይራቁ። የተመለመለውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙ፣ በየ5 እና በየ6 ሰዓቱ ውኃ ርጩበት። ቅዳሜ ማታ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ገንጥለው በቁመቱ ይሰንጥቁት፤ ለቀለበት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጥሩ ነው። ከአንድ ሙሉ ቅጠል 2 ወይም 3 ቀለበት ይወጣል። ለ800 ሰው ግንባር ላይ የሚታሰረውንም ጨምሮ 1,500 ስንጥቅ አዘጋጁ፤ ከዚህ ያነሰ ከሆነ በኋላ የመጡት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ዘንባባው የሚታደለው ከተባረከ በኋላ ነው። እደላው በአንድ በር ብቻ ከሆነ ግፊያ ይፈጠራል፤ ካህናቱን ጠይቃችሁ በወንዶችም በሴቶችም በኩል 2 2 የእደላ ቦታ ይኑር። ዑደቱ ሲደረግ በየአቅጣጫው ወንጌል ስለሚነበብ ሕዝቡ አራት ጊዜ ይቆማል፤ አስተናባሪዎች ከፊት ቀድመው 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መንገድ ካላስከፈቱ ካህናቱ መሐል ላይ ይታፈናሉ። ከቅዳሴ በኋላ ለሕማማቱ ሳምንት የሚሆነው ጸሎተ ፍትሐት (ለሙታን የሚደርሰው ጸሎት) በዚሁ ዕለት ስለሚደርስ ሰው ቶሎ አይበተንም፤ የጫማ ጠባቂዎችን ምትክ በዚህ አስቡ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ

ከባዱ ሥራ የዚህ ነው። ምንጣፍ ማራገፍ፣ ድንኳን መትከል፣ ውኃ ማጠራቀም፣ ማገዶ መፍለጥ፣ መብራት መዘርጋት። ሥራው ከ11 ሰዓቱ ጸሎት በኋላ ሳይሆን ጠዋት ከነግህ ጸሎት ቀጥሎ ይሁን፤ ጉልበት ያለው ያን ጊዜ ነው፣ ሰዎቹም ማታ ቤታቸው ገብተው ያርፋሉ።

የስግደት ቦታውን በሜትር ለኩ። አንድ ሰው ግንባሩን መሬት አስነክቶ ለመስገድ 70 ሴንቲ ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከ70 ቁመት ይበቃዋል። ለ800 ሰው 950 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከመተላለፊያ ጋር 1,100። ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ከቅጥሩ ውጭ ምንጣፍ ከማንጠፍ ይልቅ ሕፃናት የያዙትንና አረጋውያኑን መቆሚያና መቀመጫ ብቻ ወዳለው ጥግ አዛውሩ። ረድፉን በኖራ አስምሩ። በየ10 ረድፉ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን መተላለፊያ ይተው፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ የሚወጣው በዚያ ነው። መተላለፊያው ላይ ሰው እንዳይሰግድ አስተናባሪው በትሕትና፣ ግን ሳይታክት ይንገር። ዐርብ 6 ሰዓት ላይ ተደፍኖ ከተገኘ መልሶ መክፈት አይቻልም።

መጸዳጃ ቤት ለ100 ሰው 1 ቢደርስ ጥሩ ነው። ከሌለ የአጎራባች ትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ አስቀድማችሁ ለምኑ። ውኃ ባለ 200 ሊትር በርሜል 6 ሞልታችሁ በክዳን ይቀመጥ፤ ሁለቱ ለእጅ መታጠቢያ፣ ሁለቱ ለመጸዳጃ፣ አንዱ ለሕጽበተ እግር፣ አንዱ ለማዕድ ቤት። የመስመር ውኃ ይመጣል ብሎ መተማመን አይገባም።

ጸሎተ ሐሙስ፦ ጉልባንና ሕጽበተ እግር

ጉልባኑ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማታ የሚታደል ነው፤ ስለዚህ የሚያበስሉት ሰዎች አይቀምሱትም። ጨው በልምድ ሳይሆን በሚዛን ይግባ። ለ400 ሰው የሚሆነው ይህ ነው፦ የተፈተገ ስንዴ 10 ኪሎ፣ የባቄላ ክክ 6 ኪሎ፣ ሽምብራ 4 ኪሎ፣ ጨው 500 ግራም። ሲበስል 50 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ፣ 120 ግራም ያህል ይደርሳል። ጉልባን ጨው ጠንከር ሲል የሚወደድበት ቤት አለ፤ እንዲያ ከሆነ እስከ 650 ግራም ድረሱ፣ ከዚያ አትለፉ፤ ሰው ዐርብን በጥም የሚውል ነው።

ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስንዴውና ሽምብራው ታጥቦ በየብቻው ይዘፍዘፍ። የባቄላው ክክ አይዘፈዘፍም። ሐሙስ 5 ሰዓት ላይ ስንዴው በ30 ሊትር ውኃ፣ ሽምብራው በሌላ ድስት በ12 ሊትር ይጣድ። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋሉ። ባቄላው በሦስተኛው ድስት መጨረሻ ላይ ይጣዳል፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስቱን ባንድ ድስት የጣደ ሰው ባቄላው ቀልጦ ገንፎ ይሆንበታል፣ ሽምብራው ደግሞ ጥሬ ይቀራል። ጨው የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው።

ውኃው ተጠንፍፎ ሦስቱ ከተቀላቀሉ በኋላ በድስቱ ውስጥ ክዳን ደፍታችሁ አትተዉት። ታፍኖ ይቆመጥጣል፤ በየዓመቱ ጉልባን የሚጣለው በዚህ ነው። በታጠበ ሰፌድና ትሪ ላይ ከአራት ጣት በማይበልጥ ውፍረት አስጡት፣ በንጹሕ ሻሽ ሸፍኑት። የምታድሉ ሰዎች እጃችሁን ታጥባችሁ በጭልፋ ስጡ እንጂ በእጅ አትዝገኑ።

ሕጽበተ እግሩን የሚፈጽሙት ካህናት ናቸው፤ የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ ውኃ ማቅረብ፣ ፎጣ ማቀበልና የታጠበበትን መድፋት ነው። ለአንድ ሰው 1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አስቡ። የወይራና የወይን ቅጠል ሐሙስ ጠዋት ተቆርጦ ታጥቦ ይቅረብ። 4 ሳፋና 4 ማንቆርቆሪያ ካለ ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይሞላሉ፤ ሰልፉ አይቆምም። እግሩ ላይ ቁስል ያለው ሰው ሲመጣ ሳፋው ከእርሱ በፊትም በኋላም ተለቅልቆ ውኃው ይቀየር፤ ይህን አገልጋዩ ሳይጠየቅ፣ ሰውየውንም ሳያሳፍር ያድርገው። ፎጣ በ5 ሰው አንድ ቢቀየር ለ200 ሰው 40 ያስፈልጋል። የእግሩ ውኃ ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ገበዙ ያሳየው ቦታ ይፍሰስ።

ዐርብ ስቅለት

ከጠዋት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ይሰግዳል። እዚህ ላይ የሚገጥመው ትልቁ ነገር ተዝለፍልፎ መውደቅ ነው፤ የሚበዛውም ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

የወደቀውን ሰው ከረድፉ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ በጀርባው አስተኙት፣ ነጠላውን ከአንገቱ አላሉለት፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ደግፉ። ሰው አይክበበው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ጠበልም ሆነ ውኃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ለዚህ የሚሆን መኪና ከቁልፉና ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ይቁም። ከ4ቱ የሕሙማን አገልጋዮች ቢያንስ አንዱ ነርስ ወይም የጤና ባለሙያ ይሁን።

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላብ ላብ ሲለው፣ ሲንቀጠቀጥና ንግግሩ ሲወላገድ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ነፍሱን እስካወቀና መዋጥ እስከቻለ ድረስ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። «ጾሜን አላፈርስም» የሚል ይገጥማችኋል። ከእርሱ ጋር አትከራከሩ፤ አንድ አባት አስጠሩለት። ለዚህም ሲባል ከካህናቱ አንዱ በዚያ ሰዓት በሕሙማን ድንኳን አጠገብ እንዲሆኑ አስቀድማችሁ ለምኑ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድመው እንዲነጋገሩ በኒቆዲሞስ ሰንበት ማስታወቂያ ይነገር፤ ዐርብ ቀትር ላይ የሚነገር ምክር ዘግይቷል።

ማታ ለጥብጠባው (ካህናት ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ስግደት ለሚሰጡበት ሥርዐት) የሚሆን የወይራ ቅጠል ሐሙስ ከሰዓት ይቆረጥ። ቅርንጫፉ ቀጭን፣ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ክንድ የሚያህል ይሁን፤ ወፍራም እንጨት ያለው ያቆስላል። ለአንድ ካህን 3 ያስፈልጋሉ፣ ቶሎ ይራገፋልና። በዚህ ሰዓት ሁሉም ወደ ካህናቱ ባንድ ጊዜ ይጎርፋል። አስተናባሪዎች በየካህኑ ፊት አንድ ሰልፍ አሲዙ፤ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ ይቅደሙ። ካህኑ የሚሰጡትን ስግደት የሚሰግድበት ባዶ ቦታ ከሰልፉ ራቅ ብሎ ይዘጋጅ፤ አለዚያ የሚሰግደውና የተሰለፈው ይረጋገጣል።

ድንኳኑን ዛሬ አትንቀሉ፤ ለእሑድም ያገለግላል።

ቅዳም ስዑር

ቄጤማው ዐርብ ጠዋት ከወንዝ ዳር እንዲመጣ ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ። በጨው ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ ሥሩ በኩል በሳፋ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይደር። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ» እያሉ ያድሉታል፤ ሰው በራሱ ላይ ያስረዋል። እዚህ ሥራ ላይ አርብ ያልደከሙትን መድቡ። ዕረፍት ከወሰዱት ቢያንስ 6 ሰው ይበቃል፤ ሌላው በጊዜ ቤቱ ሄዶ ይተኛ። ይህ ልመና ሳይሆን ትእዛዝ ይሁን፤ በሌሊቱ የሚቆመው እርሱ ነው።

የትንሣኤ ሌሊት

ሕዝቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይገባል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይወጣል። መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን አስቡ። ሁለቱም የቅጥሩ በሮች ከ8 ሰዓት ተኩል በፊት ወለል ብለው ይከፈቱ፣ ቁልፉ በበሩ ጠባቂ እጅ እንጂ በሌላ ሰው ኪስ አይሁን። በበር ላይ የሚነግዱ ጧፍ ሻጮች ከበሩ 10 ሜትር ይራቁ።

ጫማ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። በደጁ ላይ የተከመረ 500 ጥንድ ጫማ ድንገት እሳት ቢነሣ ሰው የሚጠልፍ አጥር ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ በእንጨት መደርደሪያ ሥሩ፤ ወይም ለእያንዳንዱ ሰው ፌስታል ስጡና ጫማውን ይዞ ይግባ። ሁለተኛው ይቀላል፣ ስርቆትንም ያስቀራል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው 2 ሜትር ሁልጊዜ ባዶ ይሁን።

ጧፍ ሲበራ አደጋው ነጠላ ነው። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፤ በተጠጋጋ ሰው መሐል ደግሞ የፊተኛው ሰው ነጠላ ከኋለኛው ጧፍ ጋር ይገናኛል። ከወፍራም ካርቶን 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ቆርጣችሁ መሐሉን በስታችሁ ለእያንዳንዱ ጧፍ አልብሱ፤ ሰሙንም ይይዛል፣ እጅንም አያቃጥልም። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጧፉን ከወላጁ ጋር ይያዝ። በየጥጉ በአጠቃላይ 8 ባልዲ አሸዋና ውኃ፣ 4 የረጠበ ብርድ ልብስ ይቀመጥ። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ በብርድ ልብሱ ጠቅልሉት።

ጀነሬተሩ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነዳጅ እንዳይጨርስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ይሞላ። እየሠራ ወይም ትኩስ እያለ ቤንዚን አይጨመርበት። የቤት ውስጥ ጭስ ሰው ይገድላልና ከግንቡ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም።

የነድያን ምሳ

ለ200 ሰው፦ እንጀራ 450፣ ሥጋ ከነአጥንቱ 40 ኪሎ፣ ሽንኩርት 38 ኪሎ፣ በርበሬ 5 ኪሎ፣ ዘይት 8 ሊትር፣ ቅቤ 2 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዝንጅብል 1 ኪሎ። ቁሌቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይጀምራል፤ የሚያበስሉት ሴቶችና ወንዶች ግን ገና ጾም ላይ ናቸው፣ ሊቀምሱ አይችሉም። ስለዚህ ጨው በመጀመሪያ 500 ግራም ብቻ ይግባ። ሌሊት ቅዳሴ ወጥቶ ጾሙ ከተፈታ በኋላ አንዷ ቀምሳ ታስተካክለው። ቀድሞ በግምት የገባ ጨው አይወጣም።

ሥጋው እሑድ ሊነጋ ሲል እንዲታረድና በቀጥታ ወደ ድስቱ እንዲገባ አድርጉ። ቅዳሜ የታረደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ከሌለ አይደር። እንጀራውን ቤተሰቦች 5 5 ቢያመጡ 90 ቤት ይበቃል፤ ቀዝቅዞ ይምጣ፣ በትኩሱ የተደራረበ ይጣበቃል፣ ይሻግታል።

55 ቀን የጾመ ሆድ ላይ ቅባት የበዛበት ወጥ ባንድ ጊዜ ሲያርፍበት ያማል። መጀመሪያ ተልባ ወይም ቀጭን የአብሽ ውኃ በብርጭቆ ይቅረብ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማዕዱ ይዘርጋ። ነድያኑን አሰልፋችሁ በሳህን አታድሉ፤ አስቀምጣችሁ፣ እጃቸውን አስታጥባችሁ በመሶብ ወይም በትሪ ለ5 ለ5 አቅርቡ። በዓል ነው፣ እንግዶች ናቸው። መነሣት የማይችሉ አረጋውያን ካሉ ድርሻቸውን በክዳን ያለው ዕቃ አድርጋችሁ ቤታቸው ድረስ ላኩ፤ ዝርዝራቸው በገብር ኄር ሳምንት ይያዝ።

በውጭ አገር ላሉ አጥቢያዎች

በኪራይ ቤተ ክርስቲያን የምትገለገሉ ከሆነ የቀኑ ነገር ይከብዳል። በምዕራባውያን አቆጣጠር ፋሲካ በ2027 ማርች 28 ሲውል የእኛ ሜይ 2 ነው፤ በ2028 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 16 ይውላሉ፣ አከራዮቹም ራሳቸው ሕንጻውን ይፈልጉታል። ለዚያ ዓመት አዳራሽ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ያዙ። በዓላቱ በሚለያዩበት ዓመት ደግሞ የአበባ መደብሮች ዘንባባ የሚያስመጡት ለእነርሱ ሆሣዕና ስለሆነ፣ ለእኛ ቀን ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድሞ ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል።

የዕጣን ጭስ የእሳት ማንቂያውን ያስጮኸዋል። ራሳችሁ አትንቀሉት፣ አትሸፍኑት፤ ሕጉም አይፈቅድም። የሕንጻው ኃላፊ ለዚያ ሌሊት እንዲያስተካክለው በጽሑፍ ጠይቁ፣ በምትኩም እሳት የሚጠብቅ ሰው መድቡ። ከበሮውና እልልታው ሌሊት ስለሚሰማ ለጎረቤቶች ከሳምንት በፊት አጭር ደብዳቤ በየደጃቸው አስቀምጡ፣ የሚደወልበት ስልክ ይኑርበት። ለመኪና ማቆሚያ 4 አገልጋይ ይጨመር።

ከበዓሉ በኋላ

ሰኞ አትሥሩ። ማክሰኞ ጠዋት ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ሰም ይነሣ፦ በመጀመሪያ የደረቀውን በማንኪያ ጀርባ ፋቁት፣ ከዚያ ላዩ ላይ ሶፍት ወይም ያልታተመበት ወረቀት አንጥፋችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ እለፉበት፤ ወረቀቱ ሰሙን ይመጠዋል፣ እየቀየራችሁ ድገሙ። ሙቅ ውኃ ያፈሰሰበት ሰው ሰሙን ወደ ሥሩ ያስገባዋል። የተባረከው ዘንባባና ቄጤማ ትራፊ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ለገበዙ ይሰጥ። የተረሱ ጫማዎች፣ ነጠላዎችና ስልኮች እስከ ዳግም ትንሣኤ (ከትንሣኤ ቀጥሎ እስካለው እሑድ) በደጀ ሰላሙ ይቆዩ፣ ስልኮቹ በጸሐፊው ፊት ይመዝገቡ። የተዋሳችሁት ድስት ከነባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎበት ከሆነ በአንድ ቀን ተመልሶ ያልቃል፤ ካልሆነ እስከ ጰራቅሊጦስ ይፈለጋል። በዳግም ትንሣኤ ዕለት የሒሳብ ወረቀቱና የቀረው ዕቃ ዝርዝር ለሰበካ ጉባኤው ይረከብ፣ ስንት ኪሎ ጉልባን እንደተረፈና ስንት ቄጤማ እንደጎደለም በዚያው መዝገብ ይጻፍ።